ሰርግ ነው ያልኩበት ፊልም

ዘመኑ 1966 ነው፤ እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ። አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የምትሉት ከተማ፣ መናኸሪያ ላይ ዕቃ አወርድ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጣ አውቶብስ ጣሪያ ላይ ክብ ክብ የቆርቆሮ ሣጥኖች አገኘሁ። ባለቤታቸው ጋሽ ሸምሱ ይባላል፤ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከጨርቅ ሱቁ ጀርባ የፊልም አዳራሽ አለው። «ቀስ ብለህ፣ ዕንቁላል ነው ብለህ ያዘው» አለኝ። ተሸክሜ አዳራሹ ድረስ ሄድኩና በዚያው ቀረሁ። ማመልከቻ አልጻፍኩም፤ መጻፍም አልችልም ነበር።

ዛሬ ሥራህ ምን ነበር ሲሉኝ «ፊልም አስረጂ» እላለሁ። ይስቃሉ። በቀደም ለት እድር ላይ አንዱ፣ «ፊልሙ ራሱ አፍ የለውም እንዴ አባባ?» አለኝ። አፍማ አለው። አፉ ግን የሕንድ ነው፣ የጣሊያን ነው፣ የቻይና ነው። የእኛ ገበያተኛ ኦሮምኛ ነው የሚሰማው፤ ከተሜው አማርኛ ይጨምራል። ስለዚህ ከሸራው ጎን ማይክራፎን ይዞ የሚቆምና ምን እንደተባለ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። አሁን ሁሉም በየስልኩ የፈለገውን በፈለገው ቋንቋ ያያል። ሥራችን ሞቷል፤ ቀብሩ ላይ የቆመ ሰው ግን አላየሁም። ለዚህ ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ግድፈት ብታዩ እለፉት።

ጋሽ ሸምሱ ሁለቱንም ያደርግ ነበር፤ ማሽኑንም ያንቀሳቅሳል፣ ያስረዳልም። እኔ ስመጣለት ማሽኑን አስተማረኝ። ፊልሙ ወደ ማሽኑ በሚገባበት ላይ አቧራ እንዳይቀመጥ በዶሮ ላባ መጥረግ፣ የተበጠሰውን በምላጭ አስተካክሎ በሙጫ መቀጠል፣ አምፖሉ ሲግል በድምፁ ማወቅ። ይህን ቶሎ ለመድኩ። ማስረዳቱን ግን አልሰጠኝም። «እጅህ ሰልጥኗል፤ አፍህ ይቆይ» ይለኝ ነበር።

የእሱ አሠራር ልዩ ነበር። አዲስ ፊልም ሲመጣ ማንም በሌለበት ብቻውን ያየዋል። አንዴ እንደማንኛውም ሰው ያያል። ቀጥሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ድምፁን ብቻ ይሰማል። ቋንቋውን አያውቀውም፤ ግን «ሰው ሲለምንና ሲያዝ ድምፁ አንድ አይደለም፤ በየትም አገር» ይላል። ሦስተኛ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ እጅ እጃቸውን ያያል። «አፍ ይዋሻል፤ እጅ ግን የሚሠራውን ይሠራል» የሚለው የእሱ ነው።

ሲያስረዳ አጭር ነበር። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ዘፈን ላይ አይናገርም፤ ሰይፍ መማዘዝ ላይ አይናገርም፤ «እሱንማ ያያሉ»። የሴት ድምፅ አያስመስልም። ያላወቀው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ማይክራፎኑን በመዳፉ ይከድነውና ዝም ይላል። ተመልካቹ ስለለመደው፣ «ጋሽ ሸምሱም እዚህ አልገባውም» ብሎ ያልፈዋል። ፊልሙ ሲያልቅ በሩ አጠገብ ይቆምና ሰው ሲወጣ የሚለውን ይሰማል። አይከራከርም፣ አይመልስም። ከሰማው ውስጥ የሚረባውን ይዞ በነጋታው አነጋገሩን ያስተካክላል። «ሰው የሚለውን ስማ፤ ፊልሙ ያላለውን ግን አትበል» ይለኝ ነበር።

አብዮቱ መጣ፤ አዳራሹ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና የቀበሌ ሆነ። ጋሽ ሸምሱ በገዛ ቤቱ ደመወዝተኛ ሆኖ ቀረ። ደመወዙም ደመወዝ አይባልም ነበር። አለቃችን የቀበሌው ሊቀመንበር ሆነ፤ ቀድሞ የቡና መጋዘን ጸሐፊ የነበረ፣ ሰው የማያስቀይም ግን ነገር ተንጠልጥሎ ማየት የማይወድ ሰው። በየሳምንቱ ጀኔሬተርና አንሶላ ጭነን ሂርና፣ መሰላ፣ መቻራ ድረስ እንድናሳይም አዘዘ። ያ ደስ ይል ነበር። ሁለት ባሕር ዛፍ መሐል አንሶላ ወጥረን ማሳየት ከአዳራሽ ይበልጣል።

የጃፓኑ ፊልም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ከየትኛው መጋዘን እንደወጣ እንጃ፤ ከታች የተጻፈ የፈረንጅ ጽሑፍ እንኳ የለውም። ያለው የራሳቸው ፊደል ነው፤ እሱን ደግሞ በከተማችን የሚያነብ የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ድሃ ሰይፈኛ አለ፤ ፀጉሩን አናቱ ላይ ቋጥሮ፣ ቀሚስ የሚመስል ሰፊ ሱሪ ለብሶ የባላባት ቤት ይጠብቃል። ባላባቱ ሴት ልጅ አለችው። ልጅቷና ሰይፈኛው ይዋደዳሉ፤ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ጣታቸው አይነካካም። በወረቀት የተሠራ በር አለ፤ እሷ ከውስጥ ትቀመጣለች፣ እሱ ከውጭ ጥላዋን ያያል። አባትየው ልጅቱን ለሌላ ትልቅ ጌታ ሊድር ቃል ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ነጭ በነጭ ትለብሳለች። ስትለብስ ጉልበቷ ላይ ገመድ ታስራለች፤ ይህ እንደ ዓይን ጥቅሻ ነው የሚያልፈው። ከዚያ አባቷ ፊት ግንባሯን መሬት አድርሳ ትሰግዳለች፤ አባትየው ፊቱን ያዞራል፤ በሩ ይዘጋል። ሰይፈኛው ውጭ በረዶ ላይ ተንበርክኮ ሰይፉን ከወገቡ ይፈታል። አለቀ።

አሰበ ተፈሪ መጀመሪያ ያሳየንበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ቤት ሲገቡና መሬት ሲቀመጡ ሲያዩ አንዱ፣ «እስላም ናቸው፤ አታይም?» አለ። ሌላው፣ «ለሰው ነው እኮ የሚሰግዱት፤ ምን እስላም አላቸው?» አለው። ጋሽ ሸምሱ እየተቆጠበ አስረዳ። ልጅቷ ነጭ ለብሳ ስትወጣ ግን ማይክራፎኑን ከደነው። በሩ ተዘጋ፤ መብራት በራ፤ እሱ ዝም እንዳለ ነው።

በሩ ላይ የነበረውን ጫጫታ ዛሬም እሰማዋለሁ። ጠላ የምትሸጠው ወይዘሮ አስካለ፣ «ሙሽራ ናት እንጂ! ነጭ ለብሳ የለም እንዴ?» አለች።

ልብስ ሰፊው ሀጂ ዩሱፍ፣ «ነጭማ ከፈንም ነጭ ነው» አሉ።

«ኧረ ሀጂ፣ በሰው ሰርግ ላይ መግነዝ ያወራሉ?»

«ሰርጉን ማን አየው? ሙሽራው የታለ? ከበሮው የታለ?»

«ጃፓን ከበሮ ይኑረው አይኑረው እኔ በምን አውቃለሁ?»

እንዲህ እየተባባሉ ሄዱ። በነጋታው ገበያ ላይም ይኸው ነው ወሬው። ክርስቲያኑ ሰርግ ይላል፣ እስላሙ ከፈን ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ሸምሱ እያወቀ ደበቀን ይላል። ወሬው ሊቀመንበሩ ጋ ደረሰና ሁለታችንንም ጠራን።

«ጓድ ሸምሱ፣ ሰፊው ሕዝብ መደምደሚያ ይፈልጋል» አለው።

«እኔም እፈልጋለሁ» አለ ጋሽ ሸምሱ፤ «ግን አላየሁትም።»

«ፊልሙን አላየኸውም?»

«ፊልሙን አይቻለሁ። መደምደሚያውን አላየሁም። በሩ ተዘጋ።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ጓድ ታምሩ?»

እኔ ያኔ ለቀናት ስከራከር የከረምኩበት ነገር ነው። «ሰርግ ነው» አልኩ። «እህቴ የተዳረች ቀን ነጭ ለብሳ፣ የአባቴን ጉልበት ስማ ነው የወጣችው። አባቴም ልክ እንደዚያ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ይህን የማያውቅ ማነው?» እውነቴን ነበር። ያየሁትን ነው ያልኩት። ዛሬም ቢሆን ውሸት ተናገርክ የሚለኝን ሰው አልቀበልም።

«በቃ፣ ሂርና ላይ አንተ ታስረዳለህ» አለ ሊቀመንበሩ።

ወደ ሂርና ስንሄድ ጋሽ ሸምሱ ከመኪናው ኋላ፣ ጀኔሬተሩን ደግፎ ተቀምጧል። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «ገመዱንስ ምን ልትለው ነው?» አለኝ።

«መቀነት ነው።»

«መቀነት ጉልበት ላይ?»

«የነሱ አገር እዚያ ላይ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ። ይሆናል የምትባለውን ቃል አይወዳትም ነበር።

ሂርና ላይ የሆነው ሌላ ነው። የጫት ነጋዴው ሁሉ ጉንጩን ወጥሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ፊልሙ መሐል ላይ ሰይፈኛው ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲተክዝ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው፣ «ይሄ ሰውዬ ሰይፍ ይዞ በር ላይ ከሚገተር ሽማግሌ ለምን አይልክም?» አሉ። ከወዲያ ደግሞ፣ «ማን ይላክለት? ዘመድ የለውም እኮ!» አለ አንዱ። «እኔን ይላከኝ! ወላሂ እሄዳለሁ» አሉ ሽማግሌው፤ ሰው በሳቅ ፈነዳ። እንዲህ ያለ ተመልካች ሲያገኝ አስረጂ ክንፍ ያወጣል። እኔም አወጣሁ። ነጩ ልብስ ሲመጣ፣ «አባቷ እሺ አላት! ለሰይፈኛው ሊድራት ነው! ይኸው የአባቷን ጉልበት ስማ ልትወጣ ነው!» አልኩ በኦሮምኛም በአማርኛም። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሰይፈኛው ሰይፉን ሲፈታ፣ «ከእንግዲህ ጠብ የለም፤ አማች ሆኗል» አልኩ። እሱም ተጨበጨበለት።

ሊቀመንበሩ አብሮን ነበርና በማግሥቱ ውሳኔውን ነገረን። ከእንግዲህ የሚያስረዳው ታምሩ ነው፤ ሸምሱ ማሽኑ ላይ ይሁን። ጋሽ ሸምሱ ማይክራፎኑን በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ። ያንን ማይክራፎን ሐረር ድረስ ሄዶ በራሱ ገንዘብ ነው የገዛው። ያን ጊዜ ይሄ አልታሰበኝም፤ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀጥሎ መቻራ ሄድን። መንገዱ አጥንት የሚያላቅቅ ነው። አንሶላውን የወጠርነው ቡና የሚሰጣበት አውድማ ላይ ነው፤ ሰዉ ከየገጠሩ ወጥቶ መጥቷል። አብዛኛው ፊልም አይቶ አያውቅም። ጸጥ ብለው አዩ። ነጩ ልብስ ሲመጣ የሂርናውን ቃል በቃል ደገምኩት። እልልታ ጠበቅሁ። የለም። «ማል ጄዴ?» የሚል ብቻ ከኋላ ሰማሁ፤ ምን አለ ማለታቸው ነው። እንደገና፣ «ሰርግ ነው!» አልኩ።

ፊት ለፊት የተቀመጡ አሮጊት ነበሩ፤ አደ ሀሊማ ይሏቸዋል፤ እማማ እንደማለት ነው። በመቻራ ሴት ስትሞት የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ኋላ ነው የነገሩኝ። ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ሳይጮሁ፣ «ልጄ» አሉ በኦሮምኛ፣ «አንተ ሬሳ አጥበህ አታውቅም።»

«አላውቅም» አልኩ በማይክራፎን። ሰው ሁሉ ሰማ።

«እኛ ስናጥብ እግር እናስራለን። እንዳይከፈት፤ ሰው ፊት እንዳታፍር። ይቺ ልጅ ገመዱን ጉልበቷ ላይ አሰረች፤ አየሁ። የሚያስርላት ሰው የላትም፤ ራሷን እየገነዘች ነው።»

ሸራው ላይ ሰይፈኛው ተንበርክኮ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ፊቱን አየሁት። ያንን ያህል ጊዜ አይቼው አላየሁትም ነበር። ሰርጉ ላይ የቆመ ሰው ፊት አይደለም። ከአውድማው ኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ሌሎቹም፤ ለቅሶ ቤት እንደሚለቀሰው፣ ቀስ ብሎ። አንሶላውን አወረድኩ።

ጋሽ ሸምሱ ሽቦ ሲጠቀልል አገኘሁት። «ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ገመዱን ጠየቅሁህ እኮ። መቀነት ነው አልክ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ጥርጣሬዬን ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

አልሰማውም ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።

አሰበ ተፈሪ እንደተመለስን ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። የአደ ሀሊማን ቃል እንዳለ ነገርኩት። ማይክራፎኑም ለጋሽ ሸምሱ ይመለስ አልኩ። ሊቀመንበሩ ግን የሂርናን እልልታ በጆሮው ሰምቷል። «ጓድ ታምሩ፣ አንዲት አሮጊት መቻራ ላይ ያሉትን ይዘህ ሕዝቡን ልታስለቅስ ነው? እዚህ ከተማ ሰው መደምደሚያ እየጠበቀ ነው። ቅዳሜ ታሳያለህ፤ ሰርግ ነው ያልከው አንተ ነህ፤ ሰርጉን ትጨርሳለህ» አለኝ። እኔ ደግሞ በልቤ እምቢ አልኩ። አደ ሀሊማ ያሉትን እናገራለሁ፤ ሕዝቡ ይፍረድ፤ ከዚያ ሕዝቡ ራሱ ጋሽ ሸምሱን ይመልሰዋል አልኩ። አንድ ጊዜ የተናገረ ሰው ሁለተኛም ተናግሮ የሚያስተካክል መስሎኝ ነበር።

ስለዚያ ቅዳሜ ከመጻፌ በፊት የኋላውን ልበል፤ እሱን ከጻፍኩ በኋላ ሌላ ለመጻፍ አቅም የለኝም። ጋሽ ሸምሱ መሰላ ወርዶ ወንድሙ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሸጠ፤ እዚያው አረጀ፤ እዚያው ሞተ። ብዙ ጊዜ እዚያ ድረስ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቀኛል፤ ስለ ፊልም አንድ ቀን አልጠየቀኝም። እኔ እስከ 1983 ድረስ ማሽኑ ላይ ሠራሁ። በመጨረሻ ቪዲዮ ቤቶች መጡና አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ። በዚያ ሁሉ ዓመት ፊልሞቻችን ያለ አስረጂ ነው የታዩት። ገበያተኛው ቀስ በቀስ መምጣት ተወ፤ የማይገባውን ለማየት ማን ከገጠር ይወጣል? ወጣቱ ብቻ ቀረ፣ ለድብድቡ። ይህ በእኔ እልኸኝነት የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ሐሰት አይደለም። ዛሬ ሳስበው፣ ተምሬ፣ እንደ እሱ ሦስቴ አይቼ፣ ያላወቅሁትን ዝም ብዬ መሥራት ነበረብኝ እላለሁ። ያን ጊዜ ግን እንዲህ አልታየኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ሞላ። ከሂርና ሳይቀር የመጡ ነበሩ፤ ሰርጉን ሁለተኛ ሊያዩ። ወይዘሮ አስካለ ጎረቤቶቿን ሁሉ ይዛ ፊት ተቀምጣለች። ሀጂ ዩሱፍ የሉም። ሊቀመንበሩ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ጋሽ ሸምሱ ማሽኑ ጋ፣ ከኋላ።

ፊልሙ ሄደ። እንደ እሱ አሳጥሬ አስረዳሁ። ልቤ ግን መጨረሻው ላይ ነበር፤ ቃሌን አዘጋጅቻለሁ። ገመዱ ሲመጣ እጄን ወደ ሸራው ዘርግቼ፣ «እዩ፣ ጉልበቷን አሰረች፤ ይህ...» አልኩ።

ከዚያ በላይ አላስጨረሱኝም። ነጩን ልብስ ገና ሲያዩ የሂርናዎቹ እልል አሉ። ወይዘሮ አስካለ ተቀበለች። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። «ሰርግ አይደለም!» አልኩ። ማይክራፎኑን አፌ ውስጥ አስገብቼ፣ «ለሞት ነው፤ ራሷን እየገነዘች ነው!» አልኩ። አንድም ሰው አልሰማኝም። አጨበጨቡ፣ ዘፈኑ፤ አንዱ ከኋላ፣ «ታምሩ፣ የሙሽራውን ዘመዶች ጥራልን!» ብሎ አሳቀ። ልጅቷ አባቷ ፊት ሰገደች፤ እልልታው ባሰ። በሩ ሲዘጋ የሰርግ ዘፈን ነበር የሚዘፈነው። ሰርጉ ከእጄ ወጥቶ የእነሱ ሆኗል። እኔ የሰጠኋቸውን ነው ይዘው የቀሩት።

ሰው እየሳቀ ወጣ። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ፤ ያልኩትን እሱም አልሰማም፣ ሕዝቡን ያስደሰትኩ መስሎታል። ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ፊልሙን ወደ መጀመሪያው እየመለሰ ነበር። ጨረሰና ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ኮቱን ለበሰ። ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

«ጋሼ፣ ተናግሬ ነበር እኮ» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁህ።»

«ሰኞ ትመጣለህ?»

«አልመጣም።»

«በእኔ ተቀይመህ ነው?»

«በአንተ አልተቀየምኩም፤ ያየኸውን ነው ያልከው። ግን ታምሩ፣ አንዲት የሰው ልጅ ለሞቷ ስትዘጋጅ ይህ ሁሉ ሰው እልል ሲል ሰማሁ። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ክፉዎች አይደሉም። እኛ ነን እልል ያሰኘናቸው። ይህን የሰማ ጆሮ ይዤ ሌላ ፊልም ሰው ፊት አላቀርብም።» ከዚያ፣ «ደህና እደር» ብሎኝ ወጣ።

በነጋታው ጠዋት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ገና ሻይ እየጠጣ ነበር። ማይክራፎኑን ከነሽቦው ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ምንድነው ይሄ? የሚቀጥለውን ፊልም ማን ያስረዳልናል?» አለኝ። «ማንም» አልኩትና ማሽኑን ልጠርግ ተመለስኩ።